ትኬቱን ከመቁረጥሽ በፊት ኦርደሩ ይውጣ

የምክር ዓምድ

«ሰላም ለእርስዎ እትዬ። ዓምድዎን ባሕር ማዶ ሆኜም እከታተላለሁ። ባለቤቴ በዲቪ ሄዶ የአሜሪካ ጦር ውስጥ የገባ ሳጅን ነው። እኔ ግሪን ካርድ አለኝ። አሁን የምንኖረው ጀርመን፣ ባቫሪያ ውስጥ፣ አንድ የጦር ሰፈር አጠገብ ነው። ከገባን ዓመት ከሁለት ወራችን ነው። ሜሪላንድ የተወለደ የአራት ዓመት ወንድ ልጅ አለን።

ልጄ ሁለት ዓመት ሲሞላው ይላቸው የነበሩትን ጥቂት ቃላት እርግፍ አድርጎ ተዋቸው። ጀርመን ከገባን በኋላ ኦቲዝም ነው ተባልን። ባለፈው በብርዱ ወራት ደግሞ ይጥለው ጀመር። መድኃኒት ታዞለት እየወሰደ ነው። የንግግር ቴራፒ ብንጠይቅ ወረፋው ማለቂያ የለውም፣ ያለውም በጀርመንኛ ነው። የነርቭ ሐኪሙ ጋ ለመድረስ ከሁለት ሰዓት በላይ በመኪና እንሄዳለን።

አንድ ቢሮ ሄጄ ቤተሰብ በመንግሥት ወጪ ወደ አገር የሚመለስበት መንገድ አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ጸሐፊው ቀና ብሎም ሳያየኝ ‹እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ ከፈለግሽ በራስሽ ትኬት ሂጂ› አለኝ። ባለቤቴ በበኩሉ የልጁን ነገር የጦሩ መዝገብ ላይ ማስፈር አይፈልግም። ‹ፕሮሞሽኔን ያበላሽብኛል› ይላል።

ለፋሲካ ልጄን ይዤ እናቴ ጋ መጣሁ። ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው። ‹እዚሁ ቅሪ፣ እኔ እይዝልሻለሁ፣ ጠበል እንወስደዋለን፣ ጠበሉን እስኪጨርስ መድኃኒቱን እናቁመው› ትለኛለች። ጎረቤቶቿም ‹ወንድ ልጅ አፉን ለመፍታት ይዘገያል፣ ምንም አይሆን› ይላሉ። የመልስ ትኬቴ ሊደርስ ነው። ጦሩ ከፍሎ ወደ አገር ይመልሰናል? አገር ሲሉ አዲስ አበባ ይሆናል? እዚሁ ብቀር ያወጣሁትን ይተኩልኛል? ጨንቆኛል። ማ. ከልደታ»

ማ. እህቴ፣ ሳላንጠለጥልሽ ልመልስ። አዎ፣ ይከፍላል። ጸሐፊው ተሳስቷል።

ከአሜሪካ ውጭ ከተመደበ ወታደር ጋር የሚኖር ቤተሰብ ከወታደሩ ቀድሞ በመንግሥት ወጪ ሊመለስ ይችላል። በምሕጻሩ ኢ-አር-ዲ ይሉታል። ለልጅ የሚያስፈልገው ሕክምና በተመደቡበት ቦታ አለመገኘቱ ከሚቀርቡት ምክንያቶች አንዱ ነው። የሚከፈለው የአውሮፕላኑ ብቻ አይደለም። የቤት ዕቃችሁ አብሮ ይጫናል፣ መኪናም ሊፈቀድ ይችላል። ግን ይህ ሁሉ የሚሆነው ኦርደሩ፣ ማለትም የጦሩ የጽሑፍ ትእዛዝ፣ ከወጣ በኋላ ነው። ከኦርደሩ በፊት የቆረጥሽው ትኬት በአብዛኛው የራስሽ ወጪ ነው። ለፋሲካ የመጣሽበትም ቢሆን የእረፍት ጉዞ ነውና እሱን እርሺው።

ስለዚህ እናትሽ ብትቀየመኝም እላለሁ፦ በመልስ ትኬትሽ ተመለሺ።

ቨርጂኒያ በማኅበራዊ ሠራተኝነት በኖርኩባቸው ዓመታት የወታደር ሚስቶች ይመጡልኝ ነበር፤ አበሾቹም፣ ሌሎቹም። ብዙዎቹ ልጃቸውን ይዘው መጀመሪያ ይሄዳሉ፣ ወረቀቱ ኋላ ይደርሳል ይላሉ። ወረቀቱ አይደርስም። ጉዳዩ የሚንቀሳቀሰው ቤተሰቡ ባለበት ቦታ ነው። የልጁ ፋይል ያለው ጀርመን ነው፣ የሚያየው ሐኪም ጀርመን ነው፣ የሚፈርመው አዛዥም እዚያው ነው። አንቺ ልደታ ቁጭ ብለሽ «ጀርመን ውስጥ ሕክምና አጣሁ» ብትይ የሚሰማሽ ማን ነው? «ታዲያ አሁን ጀርመን የሉም አይደል?» ይሉሻል።

ዛሬውኑ አንድ ነገር አረጋግጪ። ጀርመን ስትገቡ ኮማንድ ስፖንሰርድ፣ ማለትም ከወታደሩ ጋር እንድትኖሩ ጦሩ የፈቀደላችሁ ቤተሰብ፣ ነበራችሁ? የአንቺና የልጁ ስም ባለቤትሽ ኦርደር ላይ ሰፍሯል? ጦሩ ከፍሎ ካጓጓዛችሁ መልሱ በአብዛኛው አዎ ነው። በራስሽ ትኬት ተከትለሽው ከሄድሽና ፈቃዱ ከኋላም ካልተሰጠ ግን በሩ በጣም ይጠባል። ያኔ የመጀመሪያው ሥራችሁ ስፖንሰርሺፑን መጠየቅ ይሆናል ማለት ነው። ባለቤትሽ የኦርደሩን ፎቶ በቴሌግራም ይላክልሽ፣ በዓይንሽ እዪው።

አሁን ወደ መዝገቡ ጉዳይ። ከደብዳቤሽ ሁሉ ያሳሰበኝ ይህ ነው።

የአሜሪካ ጦር ልዩ ፍላጎት ላላቸው የቤተሰብ አባላት ፕሮግራም አለው፤ ኢ-ኤፍ-ኤም-ፒ ይባላል። በመደበኛ አገልግሎት ላይ ላለ ወታደር መመዝገብ ግዴታ ነው፣ በፈቃድ የሚሆን አይደለም። ሁለት ቅጽ አለው። ዲዲ 2792 የሕክምናው ነው፣ ዲዲ 2792-1 ደግሞ የትምህርቱ። እነዚህ ካልተሞሉ ምደባ የሚሠራው ክፍል ልጃችሁን የሚያየው እንደ ማንኛውም ጤነኛ ልጅ ነው። ነገ ባለቤትሽን ጭራሽ የነርቭ ሐኪም የሌለበት ደሴት ላይ ቢመድቡት በማን ይፈረዳል? ኢ-አር-ዲ ስትጠይቁም የመጀመሪያው ጥያቄ «ልጁ ተመዝግቧል?» ነው። የጦሩ የጤና መድን የሆነው ትራይኬር ኤኮ የሚባል ተጨማሪ ሽፋን አለው፤ እሱም ያለዚህ ምዝገባ አይከፈትም። ኤኮ እንደ ልጃችሁ ላሉ ልጆች በዓመት እስከ 36,000 ዶላር የሚደርስ አገልግሎት ይሸፍናል። ይህን ያህል ገንዘብ በእፍረት ይጣላል?

የፕሮሞሽኑን ነገር በተመለከተ፣ ምዝገባው ለዕድገት በሚደረግ ምርጫ ላይ ጫና እንዳያሳድር የጦሩ ደንብ ይከለክላል። የዕድገት ቦርዱ የሚያየው የባለቤትሽን የሥራ ፋይል ነው፣ የልጁን የሕክምና ወረቀት አይደለም። አንዳንድ ቦታ አይመደብም፣ ያ እውነት ነው። ግን ልጁ የሚታከምበት በሌለበት ቦታ አለመመደቡ ምኑ ነው ጉዳቱ? እኔ እንደሚመስለኝ ባለቤትሽን የያዘው ፕሮሞሽኑ ብቻ አይደለም። የዩኒቱ ሰው «የእገሌ ልጅ» እንዳይለው ነው። ይገባኛል። እኛ ሰዎች እንግዳ ሲመጣ ልጅ ጓዳ ማስገባት እናውቅበታለን።

ይህን ካነሳሁ አይቀር፣ ከመሄድሽ በፊት እናትሽን ይዘሽ አንድ ቦታ ድረሺ። ዘሚ የኑስ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ራሷ የኦቲዝም ልጅ እናት ነበረች። በፈረንጆቹ 2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን እዚሁ አዲስ አበባ ስትከፍት ጉዳዩን በአደባባይ የሚያነሳ ወላጅ አልነበረም ማለት ይቻላል። በ2021 እስክታርፍ ድረስ በየሚዲያው እየቀረበች ስለ ልጇ ሳትሸማቀቅ ተናገረች። ነህምያ የሚባልም ማዕከል አለ። ደውለሽ መጎብኘት ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። ልጅሽን እንድታስገቢው አይደለም፣ ወረፋው ረጅም ነው። እናትሽ እንድታይ ነው። እንደ ልጅሽ ያሉ ልጆች በሥዕል እየጠቆሙ ውኃ ሲጠይቁ፣ ጫማቸውን ራሳቸው ሲያደርጉ ትይ። ከዚያ በኋላ «ወንድ ልጅ ይዘገያል» የሚሏትን ጎረቤቶች አንቺ ሳትሆኚ እሷ ትመልስላቸዋለች።

ስለ መድኃኒቱ ግን አልለሳለስም። አይቆምም። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ከበፊቱ ብሶ ሊነሳና ልጁን ለአደጋ ሊያጋልጠው ይችላል። ጠበሉን ሂዱ፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረትም ይሁን ሰፈራችሁ ያለችው ልደታ። ማንም አይከለክልሽም። መድኃኒቱንም በሰዓቱ ይውሰድ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናግረዋል። እናትሽ እኔን ባትሰማ እሳቸውን ትሰማለች። ደግሞ ሲጥለው ክብሪት ጭሮ ማሽተት የሚባለውን ነገር ተዉት። በጎኑ አስተኙት፣ ጭንቅላቱ ስር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ። ሰዓት ያዙ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ሆስፒታል ነው። ከልደታ ጥቁር አንበሳ ቅርብ ነው። ሁሉንም ደረሰኝ ያዢ፣ የከፈልሽበትንም ማረጋገጫ ጭምር። በዚህ ዓይነት ድንገተኛ ሕክምና ያወጣሽውን ከትራይኬር መጠየቅ ትችያለሽ፣ ከውጭ አገር ለሚቀርብ ጥያቄ ያለሽ ጊዜ 3 ዓመት ነው። ድንገተኛ ላልሆነ ሕክምና ግን ሳታስፈቅጂ ከሄድሽ ወጪው በአብዛኛው አንቺው ላይ ይወድቃል።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንግባ። ይህን ጉዳይ የሚያስፈቅደው የሐኪም ደብዳቤ ነው። ደብዳቤ ሁሉ ግን እኩል አይደለም። እኔ ካየኋቸው አብዛኞቹ ሦስት መስመር ናቸው። «ልጁ ኦቲዝም አለበት። ቴራፒ ያስፈልገዋል። ወደ አሜሪካ ቢመለስ ይመረጣል።» ፊርማ፣ ማኅተም፣ አለቀ። እንዲህ ያለው ደብዳቤ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲንከራተት ይከርማል። የሚወስነው ሰው ማወቅ የሚፈልገው ልጁ ምን እንደሚያስፈልገው፣ ያም ነገር በአካባቢው መኖር አለመኖሩን ነው። ሦስቱ መስመር ለዚህ መልስ የላቸውም።

ሐኪሙን እንዲህ ብሎ እንዲጽፍልሽ ለምኚው፤ ቁጥሮቹን እሱ ይሙላ፣ እኔ ለምሳሌ ያህል ነው የማስቀምጠው። «ልጁ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቤተሰቡ በሚረዳው ቋንቋ የሚሰጥ የንግግር ቴራፒ፣ በሳምንት ይህን ያህል ሰዓት የባህሪ ቴራፒ፣ በየሦስት ወሩ የሕፃናት ነርቭ ሐኪም ክትትል ያስፈልገዋል። በጦር ሰፈሩ ክሊኒክ አይሰጥም። በአካባቢው ያሉትን እነ እገሌን በዚህ ቀን ጠይቀን ወረፋው እስከዚህ ወር ነው ተብለናል። በዚህ ዕድሜ መዘግየቱ የሚያስከትለው ጉዳት ይህ ነው።» ቀኖቹን ሐኪሙ አያውቃቸውም፣ አንቺ ነሽ የምታቀብይው። ስለዚህ «ወረፋ አለ» ያለሽን ክሊኒክ ሁሉ ኢሜይል ላኪለት፣ መልሱን አስቀምጪ። በስልክ ብቻ ከነገሩሽ «ዛሬ በስልክ እንደነገራችሁኝ» ብለሽ መልሰሽ ጻፊላቸው።

አንድ ወጥመድ አለ። ወረቀቱን የሚያየው ሰው «ላንድስቱል አለ አይደል?» ማለቱ አይቀርም። ላንድስቱል ከአሜሪካ ውጭ ያለው ትልቁ የአሜሪካ ጦር ሆስፒታል ነው፣ ያለውም እዚያው ጀርመን ነው። ግን ከባቫሪያ ብዙ ሰዓት ያስነዳል። በዓመት ጥቂት ጊዜ ለምርመራ ይኬዳል፣ በየሳምንቱ ለቴራፒ አይኬድም። ሐኪሙ ይህንኑ በግልጽ ይጻፈው። ሳይጽፍ ከቀረ ጥያቄያችሁ እዚያው ላይ ሊመለስ ይችላል።

ትምህርት ቤቱንም አትዝለሉት። የመከላከያ ሚኒስቴሩ ባሕር ማዶ የሚያስተዳድራቸው ትምህርት ቤቶች ከ3 ዓመት ጀምሮ ልዩ ፍላጎት ላላቸው ሕፃናት የቅድመ መደበኛ አገልግሎት አላቸው። ልጅሽ አራት ዓመቱ ነው። እዚያ ተገምግሟል? ካልተገመገመ በጽሑፍ አስጠይቁ። ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ እስክትሄዱ ድረስ ልጁ የሆነ ነገር ያገኛል። ሁለተኛ፣ «ያለውን ሁሉ ሞክረናል» ማለት ትችላላችሁ።

አንቺ ደግሞ ደብተር ግዢ። ተራ የተማሪ ደብተር ይበቃል። ሲጥለው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ በየትኛው ጎኑ እንደጀመረው፣ ከዚያ በኋላ ስንት ሰዓት እንደተኛ ጻፊ። አጠገብሽ ሌላ ሰው ካለ በስልክ ይቅረጸው። የነርቭ ሐኪም ከእናት ትዝታ ይልቅ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ይረዳዋል። እዚህ አዲስ አበባ ከመጣሽ ወዲህ ጥሎት ከሆነም ዛሬ ጀምሪ።

ቀጥሎ፣ መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። ኢ-አር-ዲ አንቺና ልጁን ይወስዳል፣ ባለቤትሽን ይተወዋል። እሱ ጀርመን ይቀራል። በአብዛኛውም አንዴ ከሄዳችሁ በዚያው ምድብ ዘመን ጦሩ ከፍሎ አይመልሳችሁም። ጀርመን ከቤተሰብ ጋር የሚመደብ ወታደር ምድቡ አብዛኛውን ጊዜ 36 ወር ነው፣ ለብቻው የሚመደብ 24። እናንተ 14 ወር ጨርሳችኋል። 36ቱን ይጨርስ ቢባል ገና 22 ወር አለ። የሚጥለው ልጅ ይዘሽ፣ ብቻሽን፣ ያለ ባል፣ 22 ወር። ቀላል አይደለም። የቤተሰብ ወጪም በሁለት ቤት ይከፈላል።

ሁለተኛው መንገድ ዝውውር ነው። ጦሩ ባለቤትሽን ራሱን ልጁ ወደሚታከምበት ቦታ ያዛውረዋል፣ አብራችሁ ትሄዳላችሁ። ሰው ሁሉ የሚያወራው «ኮምፓሽኔት» የሚባለውን ነው። እሱ ግን በአብዛኛው በዓመት ውስጥ መፍትሔ ለሚያገኝ ችግር የተሠራ ነው። የልጅሽ ሁኔታ የረዥም ጊዜ ነውና መሄድ ያለበት በኢ-ኤፍ-ኤም-ፒ በኩል ነው። ጥያቄውን በተሳሳተ በር አስገብታችሁ ወራት ጠብቃችሁ «አይመለከተንም» እንዳትባሉ።

የቱን ልምረጥ ካልሽኝ፣ ልጁ በመድኃኒት ከተረጋጋ ዝውውሩን አስቀድሙ። እየባሰበት ከሄደ ኢ-አር-ዲው ይቅደም፣ ባልሽ ኋላ ይደርሳል። ትዳር ይናፈቃል እንጂ በዚህ አይፈርስም። ለኢ-ኤፍ-ኤም-ፒ ሠራተኛዋ ግን ሁለቱንም መንገድ አንሱላት።

«አገር» የቱ ነው ላልሽው፣ ሕጉ በመደበኛነት የሚልካችሁ ወደ አሜሪካ ነው፤ የምትሄዱበትን ከተማ እናንተ ትመርጣላችሁ። የውጭ ተወላጅ የሆነች ሚስት ወደ ትውልድ አገሯ እንድትሄድ በልዩ ፈቃድ የሚፈቀድበት አንቀጽም አለ። ስለዚህ አዲስ አበባ ጭራሽ አይቻልም አልልሽም። ግን እስቲ አስቢው። የጥያቄያችሁ ምክንያት «ጀርመን ውስጥ በቂ ሕክምና የለም» የሚል ነው። ያንን ብለሽ ስታበቂ የአሜሪካ ጦር ሆስፒታል ወደሌለበት፣ ትራይኬር የሚቀበለው የባህሪ ቴራፒስት ማግኘት ወደሚከብድበት፣ ለሐኪም መጀመሪያ ከኪስሽ ከፍለሽ ኋላ ወደምትጠይቂበት ቦታ ላኩኝ ትያለሽ? ፈራሚው ይስቅብሻል። ባይስቅ እንኳ ልጁ ይጎዳል።

ግሪን ካርድሽም አለ። ባልሽ በኦርደር ባለበት፣ ስምሽ ኦርደሩ ላይ ሰፍሮ፣ አብረሽው ጀርመን መኖርሽ ለዜግነት ጥያቄ አሜሪካ እንደኖርሽ የሚቆጠርበት ሕግ አለ። ልደታ መኖርሽ በዚህ አይሸፈንም። ወር ሁለት ወር እረፍት ሌላ ነገር ነው። ዓመት ካለፈ ግን ራሱ ካርዱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ጦር ሰፈሩ ውስጥ ነፃ የሕግ ምክር ቢሮ አለ፣ ስትመለሺ ቀጠሮ ያዢና ዜግነትሽን ከአሁኑ ጀምሪ።

ልጅሽ ሜሪላንድ ከተወለደ ዘመድ አዝማድ እዚያ ሳይኖራችሁ አይቀርም። እኔ ብሆን እዚያው አካባቢ ነው የማየው። ዎልተር ሪድ የሚባለው ትልቁ የጦር ሆስፒታል ቤተስዳ ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ። ባለቤትሽ ሊመደብባቸው የሚችሉት የጦር ሰፈሮች ፎርት ሚድና ፎርት ቤልቮርም ከዚያ ሩቅ አይደሉም። የሞንጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች የሚልኩትን መረጃ በአማርኛም ያዘጋጃሉ። ስለ ልጅሽ የትምህርት ዕቅድ ስብሰባ ስትቀመጪ አስተርጓሚ መጠየቅ መብትሽ ነው። ልዩ ፍላጎት ያለው ልጅ ከ3 ዓመቱ ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤት በነፃ መማሩ በአሜሪካ ሕግ የተደነገገ ነው። የቤት ኪራይ ውድ ነው፣ አልዋሽሽም። ኢ-አር-ዲውን ስትጠይቁ የቤት አበሉ እናንተ በምትኖሩበት ከተማ ዋጋ እንዲሰላ አብራችሁ ጠይቁ። የሜሪላንድ የኦቲዝም ዌቨር የሚባለው ድጋፍ ደግሞ ወረፋው ዓመታት ይፈጃል። የደረሳችሁ ሰሞን ስሙን አስመዝግቡ።

እግረ መንገዴን፣ እናትሽ የኤሌክትሪክ ምጣድ ልትሸኝሽ ካሰበች ተያት። የእኛ ምጣድ ጀርመን ላይ ይሠራል፣ አሜሪካ 120 ቮልት ነውና አይግልም። ዕቃ ይጫናል ብዬ የነገርኩሽ ለዚህ አይደለም።

ጸሐፊው የለም ያለሽን አትያዢው። ጸሐፊ አይፈቅድም፣ አይከለክልም። ስትመለሺ በቀጥታ የጦሩ የማኅበረሰብ አገልግሎት ቢሮ ሂጂ። ኤ-ሲ-ኤስ ይባላል፣ ኢ-ኤፍ-ኤም-ፒ የቤተሰብ ድጋፍ እዚያ ነው። ያለ ባልሽ ብቻሽን መግባት ትችያለሽ። ሚሊታሪ ዋን ሶርስ የሚባል ሌት ተቀን የሚሠራ የስልክ መስመርም አላቸው። እንግሊዝኛው ካስቸገረሽ አስተርጓሚ ያቀርባሉ። እንደገና «የለም» ካሉሽ «በየትኛው ደንብ፣ በየትኛው አንቀጽ? በኢሜይል ይጻፉልኝ» በይ። ይህን ስትጠይቂ ብዙ «የለም» ወደ «እስቲ ልይ» ይለወጣል። አዛዡ ራሱ ከከለከለ ከእሱ በላይ ያለው አዛዥ አለ፣ አቤቱታ የሚሰማው ኢንስፔክተር ጀነራል አለ፣ ባለቤትሽ አሜሪካ ውስጥ ቋሚ ነዋሪነቱን ያስመዘገበበት አካባቢ የኮንግረስ ተወካይ አለ። ደረጃውን ጠብቃችሁ ሂዱ። የገንዘብ ችግር ከመጣ ደግሞ አርሚ ኢመርጀንሲ ሪሊፍ የሚባለው የጦሩ የእርዳታ ድርጅት አለ። ከ1942 ጀምሮ የቆየ ነው፣ ለወታደር ቤተሰብ ያለ ወለድ ያበድራል፣ አንዳንዴም ይለግሳል። ለድንገተኛ ጉዞም ይረዳል። የሰው ፊት ከማየት ይሻላል።

አሁን ይህን ጽሑፍ ለባልሽ ላኪለት፣ የቀረው ለእሱ ነው።

ወንድሜ፣ ሚስትህ የቱንም ያህል ብትሮጥ ይህን ጥያቄ ማስገባት አትችልም። ጠያቂው አንተ ነህ፣ ፊርማው ያንተ ነው። ልጅህን ያላስመዘገብክበት ምክንያት ገብቶኛል። ግን ደንቡ ግዴታ ነው ይላል፣ አንተም ደንብ የምታከብር ሰው ነህ። ይህ ሁሉ ወረቀት ደግሞ ወራት ይፈጃል፣ የልጁ ዕድሜ አይጠብቅም። ስለዚህ ሚስትህ እስክትመለስ አትጠብቅ። ሰኞ ጠዋት ፈርስት ሳጅንህ ጋ ግባና በሩን ዝጋ። ብዙ አታብራራ፣ «ልጄን ኢ-ኤፍ-ኤም-ፒ ላይ ማስመዝገብ አለብኝ፣ 2792ቱን ለማስሞላት ጊዜ ስጠኝ» በለው። ከዚያ ወደ ክሊኒኩ ሂድና ቅጹን ተቀበል። የኢ-አር-ዲውን ወይም የዝውውሩን ጥያቄ ኤስ-ዋን፣ የዩኒትህ የሰው ኃይል ቢሮ፣ የምታስገባው ይህ ካለቀ በኋላ ነው፣ የሐኪሙን ደብዳቤ ከፊቱ አያይዘህ። ከምታስገባው ወረቀት ሁሉ አንድ አንድ ኮፒ ቤት አስቀር፣ የተቀበለህንም ሰው ስምና ቀኑን ጀርባው ላይ ጻፍበት።